ቀኝ እጁ የት ነበር

ሰኔ አሥራ ሰባት ነበር፤ ማክሰኞ። ወይስ አሥራ ዘጠኝ? የሹፌሩ ሚስት አሥራ ዘጠኝ ነው ብላ ድርቅ ትላለች። ስልኩ ሲደወልላት ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እሷ ደግሞ ማክሰኞ ቀን ልብስ አጥባ አታውቅም። እህቱ አሥራ ሰባት ነው ትላለች። እሱ ራሱ ሲጠየቅ ጭንቅላቱን ያክና፣ "ሰኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ አስፋልቱ እርጥብ ነበር" ብሎ ያልፈዋል።

የቀኑ ነገር እንዲህ ቀላል መስሎ ኋላ ጣጣ አመጣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የሆነበትን ቀን በቅጡ የማያውቅ ሰው እጁ የት እንደነበረ እንዴት ሊያውቅ ይችላል ተብሎ ተሳቀበት። የሚነዳለት የታክሲ ድርጅት ቀኑ ጠፍቶት አይደለም የጠየቀው፤ የቆመችውን መኪና ጎትቶ የወሰደ እሱው ነው። ለማወቅ የሚጠይቅ አለ፤ ለማሳቅ የሚጠይቅም አለ። እህትየው ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

እሷ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ፊደል ያልለየች ልጅ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ጢሙ እንኳ ያላቀመቀመ የጭነት መኪና ረዳት። ያሳደጋት እሱ ነው። ራሱ ሳይጠግብ ያጎረሳት፣ ጫማዋን ያሰረላት፣ ወላጅ አምጪ ስትባል በዘይት የጨቀየ ቱታውን እንደለበሰ ከመምህሯ ፊት የቆመላት እሱ ነው። "ጋሼ" ትለዋለች። እሱ ዛሬም፣ መነጽር አድርጋ፣ ሽበት ጣል ጣል ካደረገባት በኋላ፣ "ሚጣ" ይላታል።

መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት በአሮጌው የጭነት መኪና ጋቢና አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር። ነዳጅ እንደ መድኃኒት በጠብታ የሚለካበት ዘመን ነው። ከሰፈራቸው የሚወርደው ረጅም ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርስ ካምቢዮውን ከማርሽ አውጥቶ ፍሪ ያደርግና ሞተሩን ያጠፋዋል። ያ ሁሉ ጩኸት በአንዴ ዝም ይላል። ነፋሱ ብቻ በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል። "ይኸው በረርን" ይላታል። እሷም ታምነዋለች። ቀበቶ የሚባል ነገር መኪናዋ አልነበራትም። ከፊት ያለው መኪና በድንገት ሲቆም፣ ወይም ፍየል መንገድ ላይ ዘው ስትል፣ ቀኝ እጁ ተወርውሮ የልጅቷ ደረት ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ነው ፍሬን የሚረግጠው። እጁ አንደኛ ነው፤ እግሩ ሁለተኛ።

ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረዱን ከተወው ብዙ ዘመን ሆኖታል። አንድ ባልደረባው ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ፣ ሞተር ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም እንደሚደነድን ገባውና በዚያው ቀን ተወው። ልማዱ ሄደ፤ ስሙ ቀረ። ሹፌሮች ሁሉ "ቁልቁለት" ይሉታል። ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይቀበላል ይባላል፤ የእሱ ግን ከጎረቤት ወጥቶ ቤት ድረስ ገባ። ሚስቱም ስትቆጣው፣ "አንተ ቁልቁለት፣ እግርህን ጥረግ" ትለዋለች።

የታክሲ ድርጅቱ ነጫጭ የኤሌክትሪክ መኪኖቹን ሲያመጣ መጀመሪያ ከቀጠራቸው አንዱ እሱ ነበር፤ በዚያ ሁሉ የመንዳት ዘመኑ ሰው ላይ ጭረት አላደረሰምና። የተሰጠችውን መኪና "ድመት" አላት፤ ኮቴዋ አይሰማም። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላታል፤ ሚስቱ ለእኔ ፊት እንኳ እንዲህ ተጨንቀህ አታውቅም ብላ ትቀልዳለች። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ከነዳጅ ማደያ ሰልፍ ጋር ተፋታ። እህቱንም እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቷ ደጃፍ ያወርዳት ጀመር። ሁለቱም አልተናገሩትም እንጂ የድሮው ጋቢና የተመለሰላቸው ያህል ነበር።

ከሰኔው ነገር በፊት አንድ ጊዜ ድመት አስደንግጣዋለች። ግቢው ውስጥ ወደ ኋላ ሲያወጣት ስክሪኗ ላይ "ኃይል ቀንሷል" የሚል ጽሑፍ መጣና ድርግም አለች። ባትሪዋ ሙሉ ነበር። እንደ ደንቡ ለጥገና ክፍል አስረከበና ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ መኪናዋ ታጥባ ጠበቀችው። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ናት ይላል አሉት። እሱም ኮምፒውተር ይዋሻል ብሎ ስላላሰበ አመስግኖ ተረከበ።

ከዚያ ያ ሰኔ መጣ። እህቱ ከፊት፣ ከጎኑ ተቀምጣለች። ከኋላ አንዲት የሽቶ ነጋዴ ካርቶኗን አቅፋ ስለ ኪራይ መናር ስታወራ ነበር። ከትልቁ ማሳለጫ ድልድይ ወደ ታች መውረድ ሲጀምሩ ያቺ ቀጭን የሞተሯ ፉጨት ጠፋች። የማራገቢያውም ድምፅ ተከትሏት ጠፋ። ነፋስ ብቻ ቀረ። እህትየው በዚያች ቅጽበት ከድልድዩ ላይ አልነበረችም፤ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ በድሮው ጋቢና ውስጥ እየበረረች ነበር። ሳቋ አመለጣት።

"ጋሼ፣ ዛሬም ፍሪ አደረግካት እንዴ?" አለችው።

እሱ አልሳቀም። ስክሪኑ ላይ ያው ጽሑፍ ብልጭ አለና ሁሉም ጨለመ። የፍጥነት መርገጫው እንደ ሞተ ሰው እጅ መልስ አልሰጥ አለ። የአደጋ ምልክት መብራቱን ተጫነው፤ እሱም የለም። መሪው ድንጋይ ሆነ። ከኋላ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ይወርዳል። ያኔ ቀኝ እጁ ተወረወረና የአርባ ምናምን ዓመቷን ሴት ደረት ተጫነው፤ ቀበቶ አስራ እንኳ። ግራ እጁን እስከ ትከሻው መሪው ላይ ጥሎ፣ በሙሉ ሰውነቱ እያዘነበለ፣ መኪናዋን ወደ ጠርዙ ጎተታት። የድልድዩ ብረት ጎኗን እየፋቀ አስቆማት፤ የጭነት መኪናውም ጭራዋን ገጭቷት አለፈ። የእህቱ የቀኝ አንጓ በሩ ላይ ተሰበረ። የሽቶ ነጋዴዋ ጠርሙሶቿ ሁሉ ተሰበሩባት። መንገዱን ሙሉ የሸፈነው ሽታ ሠርግ ቤት ያስመስለው ነበር። ሰው ግን ተረፈ።

በማግስቱ እህትየው ከመስታወት ፊት ስትቆም፣ ከአንገቷ አጥንት በታች በደረቷ በኩል የተጋደመ የክንድ ስፋት ያለው ሰማያዊ ሰንበር አየች። ቀበቶ የሚያወጣው ሰንበር ከትከሻ ወደ ወገብ ያዘቀዝቃል፤ ይሄ ቀጥ ብሎ የተጋደመ ነበር። አላዘነችም፤ ጨርሶ አላመማትም። ፎቶግራፍ እንደሚያይ ሰው ቆማ አየችው።

ድርጅቱ ግን ሌላ ነገር አየ። የሽቶ ነጋዴዋ ስለ ጠርሙሶቿ ልትናገር ስትሄድ፣ መኪናዋ ከመቆሟ በፊት ከፊት የነበረችው ሴት ምን እንዳለች እግረ መንገዷን ተናግራለች። ክፋት አልነበረባትም፤ የሰማችውን አለች። ሥራ አስኪያጁ ጥርስ የሚያሳይ ትሁት ሰው ነው። ይህችን ቃል ሲሰማ፣ የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው ሆነ። ቁልቁለት! ስሙ ራሱ ይመሰክራል። የድሮ ሹፌር፣ የድሮ ልማድ። ቁልቁለት ሲያይ እጁ ሄዶ ፍሪ አደረጋት፤ በቃ።

ፍሪ ያደረገ ሰው ስክሪን ያጠፋል ወይ? መብራት ያጠፋል? መሪ ያደነድናል? ሹፌሩ ይህን ጠየቀ። ያቺ መኪና እንኳን ካምቢዮ፣ የካምቢዮ ወግ የሌላት፣ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የምትዞር አንዲት ክብ ነገር ያላት መሆኗንም አስረዳ። ይህን ሁሉ ፈገግ ብለው ሰሙት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው፣ እሱ በተናገረ ቁጥር የራሱ ገመድ አጠረ።

ለነገሩ ሥራውን ሊነጥቁት አልፈለጉም። የፈለጉት ሌላ ነበር። የድልድዩ ወሬ ከሹፌሮቹ አልፎ ተሳፋሪ ዘንድ ደርሶ፣ ሰው ነጩን መኪና ሲያይ እጁን ማውረድ ጀምሯል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ አስጠራውና በለስላሳ ቃል መከረው። በሹፌሮች ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ልማድ ሆኖብኝ በእጄ ያመጣሁት ነው ይበል፤ አጭር ሥልጠና ይወስዳል፤ ሌላ አዲስ መኪና ይረከባል። ማንም አይሳደብም፤ ማንም አይቀጣም። ሚስቱም ይህን ስትሰማ በል ብላ ለመነችው፤ ቃል አጥንት አይሰብርም አለችው። እሱ የእህቱን በጄሶ የተጠቀለለ እጅ አየ።

"የእኔስ ይሁን" አላት ማታ እህቱን። "ይቺን ቃል ካልኩ ግን እነዚያ ሌሎቹ መኪኖች ጤነኞች ናቸው ማለቴ ነው። ነገ አንዱ ልጆች ጭኖ ቢቆምበት፣ የእኔ ምላስ ነው የገጨው።"

ስብሰባው በሹፌሮች ማረፊያ አዳራሽ ነበር። የፕላስቲክ ወንበር፣ ጥግ ላይ የሻይ ማፍያ፣ ግድግዳው ላይ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ጽሑፍ። እህትየው እጇን አንገቷ ላይ በጨርቅ አንጠልጥላ መጨረሻው ረድፍ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ ወንድሟን "ጋሼ" ብሎ ሲጠራው ደሟ ፈላ። ያቺን ቃል እሷ ያገኘቻት በሌላ ዋጋ ነው።

"ጋሼ፣ ይኼ ነገር መቼ ነበር የሆነው?" አለው ሥራ አስኪያጁ።

"ሰኔ አሥራ ሰባት... አሥራ ዘጠኝ ይሆናል" አለ ሹፌሩ።

ያኔ ነው ያቺ የቀን ቀልድ የተወረወረችው። አዳራሹ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ወሬው የማይዘጋ በመሆኑ "ሬዲዮ" የሚሉት ሹፌር ነው።

"አትፍረዱበት" አለ ሬዲዮ። "ይኼ ሰውዬ እኮ ደረጃ ሲወርድም ሞተር ያጠፋል።"

እህትየው ተነሳች። የወንድሟ ቀኝ እጅ በዚያች ሰዓት የት እንደነበረ እሷ እንደምታውቅ ተናገረች። ደረቷ ላይ ነበር፤ ምልክቱም አለ፤ ሐኪሙም አይቶታል። ሁለት ቀኝ እጅ ያለው ሰው ካልሆነ በቀር ያንን ክብ ነገር ሊያዞር አይችልም።

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን እየነቀነቀ አስጨረሳት። ከዚያ፣ "ይቅርታ፣ ለእሳቸው ምናቸው ነዎት?" አላት።

"እህቱ ነኝ።"

"እህት ለወንድሟ ብትመሰክር ነውር የለውም" አለ፤ ወደ ሹፌሮቹ ዞሮ። "ግን መጀመሪያ 'ፍሪ አደረግካት ወይ' ብለው የጠየቋቸው እርስዎ አይደሉም?"

የሻይ ማፍያው ይንተከተካል። ቀልድ ነበር ማለት ፈለገች፤ ልጅነቴ ትዝ ብሎኝ ነው ማለት ፈለገች። ለዚህ ሰው የትኛውን ልጅነት ነው የምታስረዳው? ቆማ ቀረች።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ወንድምየው ዞረ። "እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩን። እጅዎ እንዳሉት እሳቸው ላይ ነበር?"

አዎ ማለት ብቻ ነበረበት። አንዲት ቃል። ወንድሟ ግን መስኮቱን አየ፤ ከመስኮቱ ውጭ ነጫጮቹ መኪኖች በመደዳ ቆመው የኤሌክትሪክ ገመዳቸውን እየጠቡ ነበር። ከዚያ ሹፌሮቹን አየ። የተጠየቀውን ሳይመልስ ለእነሱ መናገር ጀመረ።

"ስለ እጄ ልናገር አይደለም የመጣሁት" አለ። "ስክሪኑ ላይ 'ኃይል ቀንሷል' የሚል ካያችሁ አትጠብቁ። እስከ ማዶ ታደርሰኛለች አትበሉ፤ አታደርስም። እዚያው ጠርዝ ያዙ። መሪው ድንጋይ ይሆናል፤ ሁለት እጅ ስጡት። ፍሬኑ አለ፤ ግን እንደ ቆማችሁበት ያህል አጥብቃችሁ ርገጡት። ቁልቁለት ላይ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቁ። እኔ ይኼን ነው የማውቀው።"

ይህ የዛሬ አጀንዳ አይደለም አለ ሥራ አስኪያጁ። ሹፌሩ የድመትን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዎቹ መሐል አኖረውና ወጣ።

በር ላይ አንድ የጥገና ክፍል ቴክኒሻን እህትየውን ደረሰባት። ግራ ቀኝ እያየ፣ ትልቁ ባትሪ ደህና ነው አላት፤ የሚበላሸው ትንሿን ባትሪ የሚሞላው ዕቃ ነው። ትንሿ ስትሞት ስክሪኑም መሪውም አብሯት ይሞታል። የእናንተዋ የመጀመሪያዋ አይደለችም አላት። እዚያ ገብቶ ይህን እንዲናገር ስትለምነው አንገቱን ደፋ። ልጆች አሉኝ አለ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ሰው ግን በበላበት ዝም ማለትን የት ተማረ ስትል እህትየው እስከ ቤቷ ድረስ ተብሰለሰለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ሁሉ አየ። ነጫጮቹ መኪኖች በጠርዝ በጠርዝ ይሄዱ ጀመር። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ እንደ ቀብር ሰልፈኛ ተራርቀው፣ ሹፌሮቻቸው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይወርዳሉ። ማንም ቁልቁለት ልክ ነው አላለም፤ ማንም ግን ያለውን አልረሳም። ድርጅቱ በጠርዝ መሄድ የደንበኛን ጊዜ ያባክናል ብሎ ከለከለ። ሹፌሮቹ አዎ እያሉ በጠርዝ ሄዱ።

አንድ ጠዋት ሬዲዮ ከገበያው ፊት ለፊት ባለው ቁልቁለት ላይ ያ ጽሑፍ መጣበት። ጠርዝ ይዞ ስለነበር አንድ የአትክልት ጋሪ ብቻ ገጭቶ ቆመ። ከሰዓት በኋላ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ወደ ሹፌሩ ቤት መጣ። የዚያን ቀን ብቻ ነው ሬዲዮ የሚናገረው የጠፋው። ብርቱካኑን ለሚስትየው ሰጥቶ፣ ጫማውን እያየ፣ "ሁለት እጅ ሰጠሁት፣ ቁልቁለት" አለው። ሹፌሩ ወንበር ሳበለት።

በሳምንቱ መኪኖቹ ሁሉ በየተራ ተጠሩ። ለደንበኞቻችን የተሻለ አገልግሎት ለመስጠት ስክሪን እናድሳለን ተባለ። ስክሪን! ስለ ትንሿ ባትሪ አንድ ቃል የለም። ስለ ድልድዩ አንድ ቃል የለም። በእጄ ነው በል ተብሎ እምቢ ስላለው ሰው አንድ ቃል የለም። አጥፍተናል ያለ የለም፤ ና ተመለስ ያለውም የለም። ሥራ አስኪያጁ ዛሬም እዚያው ነው፤ ጥርሱንም ያሳያል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ግን ወጊው መውጋቱን እንኳ ሳይሰማው ሲቀር ተወጊው ለማን ይንገር? ሹፌሩ ሌሎች ድርጅቶች ዘንድ ሥራ ሲጠይቅም፣ "ያ መኪና ፍሪ ያደረገው ሰውዬ" እየተባለ ነው የተመለሰው።

በመጨረሻ ረጅም መንገድ የሚሄድ ከባድ የጭነት መኪና አገኘ፤ የናፍጣ፣ እንደ ድሮው የሚያጓራ። የሚሄድበት ጠዋት እህቱ ልትሰናበተው መጣች። ጄሶዋ ተፈትቷል፤ ሰንበሩም ከደረቷ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። እሱ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየረገጠ ያያል። ሚስቱ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ በመስኮቱ ታቀብላለች፤ በረደኝ ብለህ ደግሞ ሞተር እያሞቅክ እንዳታድር እያለች ትቆጣዋለች።

እህትየው ከስብሰባው ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዛ ትዞራለች። ማታ ታነሳዋለች፤ ጠዋት ትተወዋለች። ለምን ዝም አልክ? እጄ እሷ ላይ ነበር ብትል ምን ነበረበት? ሁለት እጅ ስጡት ያልካቸው፣ አንተ አንዱን ለእኔ ስለ ሰጠህ አፍረህ ነው? ወይስ እኔ በቀልዴ ያመጣሁት እንዳይመስለኝ ብለህ? ወይስ ያ እጅ ለእነሱ የሚነገር አልነበረም? ዛሬ ሳልጠይቀው አይሄድም ብላ ነው የመጣችው።

"አንጓሽ እንዴት ነው?" አላት ወደ እሷ መጥቶ። እጇን ይዞ ዞር ዞር አደረገው፤ በልጅነቷ ቁስሏን ያይ እንደነበረ አድርጎ። "ዝናብ ሲመጣ ያምሻል፤ ጨርቅ አድርጊበት።"

"ጋሼ" አለች። "ያን ቀን እዚያ አዳራሽ..."

"መንገዱ ሳይጨናነቅ ልውጣ፣ ሚጣ" አላትና ግንባሯን ሳማት። ተንጠልጥሎ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ሞተሩ አጓራ፤ የቀረው ቃሏ በዚያ ጩኸት ውስጥ ቀረ። በመስኮቱ አንድ ነገር አላት፤ አልሰማችውም። እጁን አወዛወዘና መንገድ ጀመረ።

መንገዱ ጫፍ ላይ ያ የድሮው ቁልቁለት አለ። እህትየው ባለችበት ቆማ ጆሮዋን ጣለች። መኪናው አናቱ ላይ ደርሶ ከዓይኗ ጠፋ። ድምፁ ግን አልጠፋም፤ በከባድ ማርሽ እያጓራ፣ እያጓራ፣ ታች እስከሚደርስ ድረስ ተሰማት።